«ሲናሪዮ»፦ ከመጋረጃው ጀርባ የተለጠፈች ወረቀት

«ሲናሪዮ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል ከአማርኛችን ጋር ከተዋወቀ ሰነባብቷል። የፊልም ሰው ሲናገረው የታሪኩን አጽም ማለቱ ነው። የባንክ ሰው ሲናገረው በሠንጠረዥ ላይ የተደረደሩ ሦስት ዓምዶች ይታዩታል፦ ክፉው፣ ደጉና መካከለኛው። ፖለቲከኛው ሲናገረው ደግሞ አንዳንዴ ዛቻ፣ አንዳንዴም ትንቢት ይመስላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ሁለት ፍቺዎችን ያገኛል፤ አንደኛው የቴአትር ወይም የፊልም ታሪክ ዝርዝር፣ ሁለተኛው ወደፊት ሊደርስ የሚችል የነገሮች አካሄድ። ሁለቱን ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ተዋናይና ዕቅድ አውጪ በምን ተዛምደው ነው አንድ ቃል የሚካፈሉት?

ጥያቄው የሰዋስው ብቻ አይደለም። እኛም በቅርቡ ዘመን የአገራችንን መጪ ዕጣ በዚሁ ቃል ስም በአራት መልክ ጽፈነው ነበርና፣ ቃሉ ምን እንደሚያስገድድ፣ ምንስ እንደማያስገድድ ማወቅ የሚገባን ይመስለኛል። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩ ድንኳን ነው። የጥንት ግሪኮች «ስኬኔ» ይሉ የነበረው ድንኳንን ወይም ዳስን ነበር። በቴአትራቸው ከመጫወቻው ሜዳ ጀርባ ተዋንያን ልብስና ጭምብል የሚቀይሩበት ቤት ይቆም ነበርና እርሱም በዚያው በድንኳን ስም ተጠራ። ቤቱ መጀመሪያ ከእንጨት፣ ኋላም ከድንጋይ ተሠራ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ሮማውያን ቃሉን ተቀበሉት፤ ከእነርሱም ወደ ጣልያንኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ተላለፈ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ግጥምጥሞሽ አለ። ግሪኩ ብሉይ ኪዳን ሙሴ በምድረ በዳ የተከላትን የምስክር ድንኳን የሚጠራት በዚሁ «ስኬኔ» በሚለው ቃል ነው። ግዕዙ ደግሞ «ደብተራ» ይላታል። «ደብተራ» በእኛ ዘንድ ከድንኳንነት አልፎ የዜማው፣ የቅኔውና የአቋቋሙ ሊቅ መጠሪያ ሆነ። በግሪክ ድንኳኑ የመድረክ ስም ሲሆን፣ በእኛ የባለ ዜማው ስም ሆነ ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ወንዞች በየፊናቸው ፈስሰው ወደ አንድ ዓይነት ሜዳ መድረሳቸው ግን ያስደንቃል።

ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በጣልያን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ፣ በሙያቸው የሚተዳደሩ የተዋንያን ማኅበራት ተነሡ፤ በ1545 በፓዶቫ ከተማ በጽሑፍ ውል የተቋቋመው ማኅበር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ጨዋታቸው ኋላ «ኮሜዲያ ዴላርቴ» ተባለ። ገጸ ባሕርያቱ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ነበሩ፤ ስስታሙ ሽማግሌ ነጋዴ ፓንታሎኔ፣ በላቲን የሚመጻደቀው ዶክተር፣ በጉራ ጦርነት የሚያሸንፈው ካፒታኖ፣ ድሪቶ ለባሹና ረሀብተኛው ሎሌ አርሌኪኖ። የሚናገሩት ቃል ግን አስቀድሞ አይጻፍም። የሚጻፈው ማን መቼ እንደሚገባ፣ ምን ሊያደርግ እንደሚገባ፣ መቼም እንደሚወጣ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ይገባል፤ ልጁን ሊድር ማሰቡን ይናገራል፤ ሎሌው ይሰማል፤ ካፒታኖው ይመጣል፤ ይጣላሉ፤ ይወጣሉ። በቃ ይኸው ነው። ይህች ወረቀት ከመጋረጃው ጀርባ ትለጠፍና ተዋንያኑ ከመውጣታቸው በፊት ቆም ብለው ያነቧታል። ጣልያኖች «ሼናርዮ» ያሏት እርሷን ነው።

በ1611 ፍላሚኒዮ ስካላ የተባለ ተዋናይ እንዲህ ያሉ 50 ወረቀቶችን ሰብስቦ በቬኒስ አሳተመ። መጽሐፉ ዛሬም አለ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ራስጌ የታሪኩ ፍሬ ነገር፣ የገጸ ባሕርያቱ ስምና ለጨዋታው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። መጽሐፉን ቴአትር አነባለሁ ብሎ የሚገልጥ ሰው ግር ይለዋል፤ ሰዎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይደባደባሉ፣ ይታረቃሉ፤ ድምፃቸው ግን እምብዛም አይሰማም። ጉድለት እንዳይመስለን። ድምፁ የተዋናዩ ድርሻ ነውና ቦታው ሆን ተብሎ ባዶ ቀርቷል።

ባዶው ቦታ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በ1589 በፍሎረንስ በሜዲቺዎች ቤት ታላቅ ሰርግ ሆነ። ከሰርጉ ጨዋታዎች በአንዱ ኢዛቤላ አንድሬኒ የተባለች ተዋናይት በፍቅር ያበደች ሴት ሆና ወጣች። ያን ቀን የነበረ ሰው ጽፎ እንዳቆየው፣ አንዴ በዚህ ቋንቋ፣ አንዴ በዚያ ቋንቋ እየተናገረችና እየዘፈነች፣ የጓደኞቿን ገጸ ባሕርያት አነጋገር አንድ በአንድ እየቀዳች ታዳሚውን አስደመመች። «ታብዳለች» ከምትል አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ማውጣት የሚቻለው ዕድሜ ልኩን ለተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። በእርግጥም ተዋንያኑ የፍቅር ንግግሮችን፣ እርግማኖችን፣ ምሳሌዎችን በደብተር እየሰበሰቡ ያጠኑ ነበር። ድንገተኛ የሚመስለው ቃል ብዙ ሌሊት የተደከመበት ነው።

የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የቅኔ ተማሪ ቤቱን፣ ልኩንና ዜማውን ያውቃል፤ ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት እንደሆነ፣ ሰሙና ወርቁ የት እንደሚገናኙ ያውቃል። ምሥጢሩ ግን የዕለቱ ነው። አዝማሪውም አዝማቹን ይዞ ይነሣል፤ ግጥሙን ከታዳሚው እየተቀበለ፣ ያልሰጡትንም እየጨመረ ይሄዳል። ልኩ የታወቀ፣ ቃሉ ያልታወቀ… «ሼናርዮ» ማለት ይህ ነው። ከዕቅድ የሚለየው ቃሉን ለተዋናዩ ስለሚተው ነው። ከዘፈቀደ የሚለየው ደግሞ መግቢያና መውጫ ስላለው ነው።

ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ቃሉ መጥበብ ጀመረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ እንግሊዞች የቴአትርንና የኦፔራን ታሪክ ዝርዝር ለመጥራት ተዋሱት። ድምፅ አልባው ፊልም በመጣ ጊዜ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች «ሲናሪዮ» የሚጽፉ ሰዎችን ይቀጥሩ ነበር፤ ተዋናዩ የማይሰማ ስለነበር የሚገባበትንና የሚወጣበትን መጻፍ ይበቃ ነበርና ቃሉ ለጊዜው ትክክለኛ ቤቱን ያገኘ ይመስላል። ፊልም አፍ ሲያወጣ ግን እያንዳንዱ ንግግር መጻፍ ግድ ሆነ፤ ሌላ ስምም ወጣለት። በ1950ዎቹ «ሲናሪዮ» በሆሊውድ ያረጀ ቃል ነበር።

የጣሉትን የሚያነሣ አይጠፋም። ከሆሊውድ ብዙም ሳይርቅ፣ በሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ ራንድ ኮርፖሬሽን የሚባል የጥናት ተቋም ነበር። በዚያ የተሰበሰቡት የፊዚክስና የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ኑክሌር ጦርነት ያስቡ ነበር። ታይቶ የማይታወቅ ጦርነት በምን ይጠናል? ታሪክ ምሳሌ አልሰጠምና ምሳሌውን መፍጠር ነበረባቸው፤ ማን ቀድሞ ይተኩሳል፣ ማን ምን ይመልሳል፣ ቀጥሎስ ማን ይገባል? ለእነዚህ የፈጠራ ታሪኮች ስም ሲፈልጉ ለፊልም የሚጽፈው ደራሲ ሊዮ ሮስተን «ሲናሪዮ በሏቸው» አላቸው ይባላል። ኸርማን ካን የተባለው ሊቅም ወደደው፤ የሚጽፉት ተረት እንጂ ትንቢት አለመሆኑን ቃሉ ራሱ ያስታውሳልና።

ካን በ1960 ስለ ኑክሌር ጦርነት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1962 ደግሞ ሊታሰብ ስለማይቻለው ነገር ማሰብ ይገባል የሚል ሌላ አስከተለ። በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ጠብ ከቃላት ልውውጥ ተነሥቶ እስከ ፍጹም ጥፋት የሚወጣበትን ባለ 44 እርከን መሰላል ሠራ። ሥራው ያስደነገጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1964 ያወጣው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» የተባለው ፊልም ከካን ጽሑፎች ብዙ ወስዷል፤ ከአዳራሽ የወጣው ቃል ተመልሶ ወደ አዳራሽ ገባ እንበል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የካን ጭካኔ ወይም ርኅራኄ አይደለም። በእርሱ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጠፍቷል፤ ተዋናዩ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሞታል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ግን ወረቀቷን ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ያነበበ አንድም ሰው የለም። ጸሐፊው አይጫወትም፤ ተጫዋቹ አላነበበም።

ቃሉን ወደ ንግድ ዓለም ያሻገረው ፈረንሳዊው ፒዬር ዋክ ነው። ዋክ ቀድሞ የመጽሔት አዘጋጅ ነበር፤ ኋላ በሼል የነዳጅ ኩባንያ ዕቅድ ክፍል ሠራ። በ1970ዎቹ መባቻ የኩባንያው ሹማምንት ነዳጅ እንደ ወትሮው በርካሽ ይቀዳል ብለው ያቅዱ ነበር። ዋክና ባልደረቦቹ ራሳቸውን በባለ ጉድጓዶቹ መንግሥታት ቦታ አስቀመጡ። ሀብቱ የሚያልቅ ከሆነ፣ ገንዘቡንም በአንዴ ማውጣት ካልተቻለ፣ ስለምን ቶሎ ቶሎ ይሸጣሉ? በ1972 ዋጋው የሚንርበትን ታሪክ ለአለቆቹ አቀረቡ። በ1973 መገባደጃ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነትና ማዕቀብ ሆነ፤ በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው ነዳጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ።

ብዙዎች ይህን «ዋክ ተነበየ» ብለው ይተርኩታል። እርሱ ግን በ1985 ባሳተማቸው ሁለት ጽሑፎች ላይ ሌላ ነገር ለማስረዳት ደክሟል። ምሳሌው የጋንጅስ ወንዝ ነው። በላይኛው ተፋሰስ ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ከቀናት በኋላ ታች ባሉት ከተሞች ጎርፍ መድረሱ ትንቢት አይሻም፤ ዝናቡን ማየት ይበቃል። ለእኛ ሰው ይህ ምሳሌ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ የጎጃም ዝናብ ውሎ አድሮ ካርቱም እንደሚደርስ ከልጅነታችን እናውቃለን። ዋክ የፈለገው አለቆቹ ልባቸው ውስጥ የያዙትን የዓለም ሥዕል እንዲቀይሩ ነበር። ወረቀቷ የምትጠቅመው ያነበባት ሰው ሲወጣ ዓይኑ ተለውጦ ከሆነ ብቻ ነው።

የዚያን ዘመን ጎርፍ እኛም ጋ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን መምህራኑም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም በየራሱ ብሶት ተነሣ። አብዮቱን ነዳጅ ብቻ አመጣው የሚል የለም፤ የራሳችን ደመና ለብዙ ዓመታት ተሸክሞት የኖረ ዝናብ ነበር። ዳሩ ግን ለንደን ላይ በወረቀት ተጽፎ የተነበበው ዶፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ሳይነበብ ወረደ።

ተዋናዩ ወደ ወረቀቷ የተመለሰው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1991 እና በ1992፣ የአፓርታይድ ሥርዓት ሊወድቅ በሚንገዳገድበት ጊዜ፣ በስቴለንቦሽ አጠገብ ሞን ፍለር በተባለ ሥፍራ 22 ሰዎች ተሰበሰቡ። ጥቁርም ነጭም፣ ግራም ቀኝም ነበሩበት፤ ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ትሬቨር ማኑኤል አንዱ ነበር። ውይይቱን የመራው ከሼል የመጣው አዳም ካሄን ነው። የጻፏቸው አራት ታሪኮች ስማቸውን ያገኙት ከሚበርና ከማይበር ነገር ነው። ድርድርን ሸሽቶ ጭንቅላቱን አሸዋ ውስጥ የሚቀብረው ሰጎን፤ ከመሬት መነሣት ያቃተው አንካሳ ዳክዬ፤ ለሕዝቡ ሁሉን በአንድ ቀን ሊሰጥ ሲል ሰሙ ቀልጦ የሚወድቀው ኢካሩስ፤ በመጨረሻም ቀስ ብለው በአንድነት የሚነሡት ፍላሚንጎዎች። ወረቀቱ ደቡብ አፍሪካን አላዳናትም፤ ብዙ ሌላ ነገር ተደርጓል፤ ብዙም ሳይደረግ ቀርቷል። ነገር ግን ከጣልያኖቹ ወዲህ ወረቀቷን የጻፉትና ወደ መድረክ የሚወጡት አንድ ዓይነት ሰዎች ሆኑ።

ይህ ዘዴ ነው ወደ እኛ የመጣው። በ2011 ዓ.ም. «ዴስቲኒ ኢትዮጵያ» በተባለ ጥረት ከተለያየ ጎራ የተውጣጡ ሃምሳ ያህል ኢትዮጵያውያን መከሩ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አራት ታሪኮችን ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ስሞቹን እንደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስመለከታቸው ከሪፖርት የወጡ አይመስሉም። «ሰባራ ወንበር»፦ ወንበር ይመስላል፤ የተቀመጠበትን ግን አይሸከምም፤ ምኞት ያለው፣ አቅም የሌለው መንግሥት ነው። «አፄ በጉልበቱ»፦ ጸጥታን በክንድ የሚያስከብር። «የፉክክር ቤት»፦ ይህንንስ ማንም ሳያስረዳው የሚያውቀው ነው፤ የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራልና። አራተኛው «ንጋት» ነው፤ በአንድ ጊዜ የማይበራ፣ በዕርቅና በተቋማት ግንባታ ቀስ በቀስ የሚገለጥ። የተሰበሰቡትም «ንጋት»ን እንደሚሹ በአደባባይ ተናገሩ። ትናንት በአንድ አዳራሽ መቀመጥ የማይታሰብላቸው ሰዎች አብረው ቆመው ስለታዩ ብዙ ሰው ደስ አለው።

ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ እስኪፈረም፣ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመት ፈጀ። የፍላሚንጎዎቹ ታሪክ የተጻፈባት አገር የእኛን መታረቂያ ጠረጴዛ ዘረጋች።

ታዲያ ሲናሪዮው ከሸፈ እንበል? ብዙ ሰው ይላል። «ንጋት ብለውን መሽቶ ቀረ» የሚል ምሬት ሰምቻለሁ፤ ምሬቱም ያገባኛል። ነገር ግን እንዲህ ስንል ቃሉን በትንቢት ወይም በቃል ኪዳን ፍቺ ነው የምንመዝነው። ከአራቱ ስሞች ሦስቱ ማስጠንቀቂያ ነበሩ፤ ማስጠንቀቂያዎቹም ባዶ አልነበሩም። የቬኒሱን መጽሐፍ ሳስብ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ኮሜዲያ ዴላርቴ ተዋንያኑ ሁሉ አንዷን ወረቀት አንብበው ስለሚወጡ ይሠራ ነበር። አንዱ ሰርግ ያለበትን፣ አንዱ ዱላ ያለበትን፣ አንዱ ደግሞ እርሱ ብቻ የሚናገርበትን አንብቦ ቢወጣ ኖሮ፣ ኢዛቤላ እንኳ ጨዋታውን ባላዳነችው። በእኛ ግድግዳ ላይ አራት ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር። «ንጋት»ን ጮክ ብለው ካነበቡት መካከል ሲወጡ የትኛውን በልባቸው ይዘው እንደወጡ እነርሱ ያውቃሉ። ከዚህም በላይ የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ ወረቀቷን ፈጽሞ ያላነበበው፣ በጨዋታው ግን የሞተው፣ የተሰደደውና ልጁን የቀበረው ሕዝብ። የካን ወረቀት ሕመም ይኸው ነበር።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ለ«ሲናሪዮ» አማርኛ ሲፈለግለት «ትንበያ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ከነቢይ ጋር ያዛምደዋል፣ ሊሆን ያለውን ብቻ ይናገራልና አይስማማውም። «መላ ምት» የሚሉ አሉ፤ እርሱ የተመራማሪ ቃል ነው፣ ተፈትኖ እውነት ወይም ሐሰት ይባላል። «ዕቅድ»ም አይሆንም፤ ዕቅድ ባለቤቱ የሚሻውን እንጂ የሚፈራውን አይጽፍም። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምወደው «ቢሆንስ» የሚለውን ነው።

ምክንያቴ በመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው። «ስ» በአማርኛ ተራን ለሌላው የምታስተላልፍ ፊደል ናት። «እኔ ደኅና ነኝ፤ አንተስ?» «እኛ መጥተናል፤ እነርሱስ?» ተናጋሪው የራሱን ብሎ መድረኩን ይለቃል፤ ቀጥሎ የሚናገረው ሌላ ነው። «ቢሆን» ያልን እንደሆነ ነገሩ ምኞት ሆኖ ይቀራል። «ቢሆንስ» ስንል ግን መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት፤ እርሱ ካልተናገረ አረፍተ ነገሩ አልተዘጋም። ስካላ ባሳተማቸው ወረቀቶች ላይ ባዶ የቀረው ቦታም ይህን ይመስላል።

አራቱ ወረቀቶች ዛሬም ከግድግዳው አልተነሡም። ዳግመኛ ለምክር የምንቀመጥ ከሆነ፣ ወረቀቷን የሚያነቡት ሃምሳ ብቻ እንዳይሆኑ እመኛለሁ። ቢሆንስ?

ቸር ያሰማን።